ማን ነገረሽ? መቼ? የሰው ምስክርነትና የነገው የኢንተርኔት ፍለጋ

በምዕራብ አማን በሚገኘው አብዱን፣ በኤምባሲዎቹና በሰፋፊ ቪላዎቹ በሚታወቀው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ አጥሮች ጀርባ እህቶቻችን በቤት ሠራተኝነት ያገለግላሉ። ከእነርሱ አንዷ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ብታነሣና «ዮርዳኖስ ውስጥ ኢቃማ የሚያወጣው ማን ነው? ክፍያውስ የማን ነው?» ብላ በአማርኛ ብትጽፍ ምን ታገኛለች?

ጥያቄዋ መልስ የሌለው አይደለም። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ ጥላ ሥር አስገብታለች። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር 90/2009 የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው መሆኑን፣ ሠራተኛዋም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበት የ14 ቀን ፈቃድ እንዳላት ይደነግጋል። በእኛም በኩል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. የቪዛን፣ የሥራ ፈቃድንና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሁለቱ አገሮች ሕጎች በዚህ ነጥብ አንድ ቃል ይናገራሉ። የሕግ መኖርና የሕግ መፈጸም ለየቅል መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም መብቷን ያላወቀች ሰው አፈጻጸሙን ልትጠይቅ አትችልም።

ችግሩ መልሱ የሚገኘው በአረብኛና በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በአማርኛ ለጠየቀ ሰው የመፈለጊያ ገጹ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ሌላ ነው፤ ቪዛ አለ የሚል የደላላ ማስታወቂያ፣ መቼ እንደተቀረጸ የማይታወቅ ቪዲዮ፣ የሳዑዲን ወይም የኩዌትን ሕግ ከዮርዳኖስ ሕግ ጋር የቀላቀለ ወሬ። ለዚህ መፈለጊያውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ሰው ያላስቀመጠውን ማሽን ከየትም አያመጣም።

የኢንተርኔት ፍለጋ ከመነሻው በሰው ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ጎግልን ሲመሠርቱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያፈለቁት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስድ ማያያዣ ካስቀመጠ ያ ማያያዣ እንደ ምስክር ቃል ይቆጠራል፤ ብዙ ምስክር ያለው፣ ምስክሮቹም ራሳቸው የተመሰከረላቸው ገጽ ከፊት ይሰለፋል። ከዚያ በኋላ የሰውን ድምፅ በቀጥታ ወደ ፍለጋው ለማስገባት ብዙ ተሞክሯል። የዊኪፒዲያው ጂሚ ዌልስ በ2008 ተጠቃሚዎች ራሳቸው ውጤቱን የሚመዝኑበት ዊኪያ ሰርች የተባለ መፈለጊያ ከፍቶ በዓመቱ ዘጋው። ጎግልም በ2012 የወዳጅ ዘመድን ጽሑፍና ፎቶ ከፍለጋ ውጤቶቹ ጋር ማቀላቀል ጀምሮ ነበር፤ አገልግሎቱ የተንጠለጠለበት ጎግል ፕላስ ግን በ2019 ለሕዝብ ተዘጋ።

ሙከራዎቹ ቢከስሙም ሐሳቡ አልሞተም፤ እንዲያውም ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዙት አዲሶቹ መፈለጊያዎች የገጾችን ዝርዝር ከማቅረብ አልፈው ራሳቸው መልስ ይደርሳሉ። ለዚህም ተራው ሰው የጻፈው ጥያቄና መልስ ዋና ስንቃቸው ነው። ጎግል በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሬዲት ከተባለው የሕዝብ መወያያ ጋር ውል የተዋዋለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሆነውም አይዘነጋም። አይብ ከፒዛው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ ላለ ጠያቂ የጎግል አዲሱ አገልግሎት «ሙጫ ጨምርበት» የሚል ምክር ሰጠ። ምክሩ የተገኘው አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ለቀልድ ከጻፈው አስተያየት ነበር። ማሽኑ ቃሉን አገኘ፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተናገረ፣ ከልቡ ይሁን ለጨዋታ አልጠየቀም።

እነዚህን ጥያቄዎች አሳምሮ የሚጠይቅ ሕዝብ በአገራችን አለ። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ይቀመጡና ዳጉ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የትኛው ግጦሽ ለመለመ፣ የማን ከብት ጠፋ፣ የት ግጭት ተነሣ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። የዳጉ ክብሩ በወሬው ብዛት አይለካም። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ ያቀርባል፤ ከሰማም ከማን እንደሰማ ይናገራል። አድማጩም መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል፤ በሚቀጥለው መንገድ ላይ እርሱ ራሱ ተናጋሪ ነውና የተቀበለውን ሳይመዝን አያስተላልፍም። ሐሰት ያወራ ሰው ታማኝነቱን ያጣል፤ በዚያ በረሃ ታማኝነትን ማጣት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለሙስሊም አንባቢያችን ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም፤ የሐዲስ ሊቃውንት ከቃሉ ጋር የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት፣ ኢስናዱን፣ አንድ በአንድ የመረመሩት በዚሁ መንፈስ ነው።

በአብዱንም ሆነ በሌሎቹ የአማን ሰፈሮች የእህቶቻችን ዳጉ አልተቋረጠም፤ መንገዱ ብቻ ተቀይሯል። በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ቡድኖች ቀንና ሌሊት በድምፅ ይተላለፋል። የትኛው ሐኪም ቤት ሰው እንደሚያስተናግድ፣ የትኛው መክተብ ቃሉን እንደሚያጥፍ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ሴት ወዴት ማመልከት እንደምትችል፣ ለጁምዓ ሶላት ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ይህ ዕውቀት ከየትኛውም ቢሮ መግለጫ የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ በኑሮ የተፈተነ ነውና። መፈለጊያው ግን አያየውም። ቡድኑ ዝግ ነው፤ መልእክቱም ድምፅ ነው። ትናንት አንዷ ጠይቃ ያገኘችውን መልስ ዛሬ ሌላዋ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። መልስ የምታውቀው ሴት አገር ቤት ስትገባ ዕውቀቷም አብሯት ይሄዳል።

ከዚህ የከፋው መልእክቱ ከቡድን ወደ ቡድን ሲሻገር የሚደርስበት ነው። «የኢቃማ ቅጣት ተነሥቷል፣ ሳትከፍሉ አገር መግባት ትችላላችሁ» የሚል ድምፅ አንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መንግሥታት እንዲህ ያለ የምሕረት ጊዜ ያውጃሉና። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ያው ድምፅ ቀኑ ሳይነገር መዞሩን ይቀጥላል። ይህን ሰምታ ሻንጣዋን የሸከፈች ሴት አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ የሚጠብቃት ሌላ ነው። ደላላም በዚሁ ክፍተት ይገባል፤ በነጻ የሚገኘውን በገንዘብ ይሸጣል። ዳጉ ሰንሰለቱን ሲያጣ ተራ ወሬ ይሆናል።

ወደ አደባባይ የወጣው ጥቂቱ ጽሑፍም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም፤ አንዱ ምክንያት ፊደላችን ነው። ሞክሼ ፊደላት ለመፈለጊያ ፈተና ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ ጸና ፀ፣ በሦስቱ ሀ፣ ሐና ኀ ብቻ ተባዝቶ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል። ከአረብኛ በተውሶ የገቡት ቃላት ደግሞ ወጥ አጻጻፍ ጨርሶ የላቸውም። አንዷ «ኢቃማ» ስትል ሌላዋ «ኢቀማ»፣ ሦስተኛዋ «አቃማ» ትላለች፤ ሶላትና ሰላት፣ ዑምራና ኡምራም እንዲሁ ናቸው። ይህ ጽሑፍ «አብዱን» ያለውን ሰፈር በአረብኛው ዐይን ተመርቶ «ዓብዱን» የሚል ሰው ቢኖር አልተሳሳተም። እነዚህ ሁሉ አንድ መሆናቸውን ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ደጋግመው ሲጽፉና ሲያርሙ ብቻ ነው።

ይህ የማይቻል እንዳልሆነ የቅርብ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ጎግል በትርጉም አገልግሎቱ ላይ 13 ቋንቋዎች ሲጨምር አማርኛ አንዱ ነበር። ኩባንያው ያን ጊዜ ይፋ እንዳደረገው፣ በመላው ዓለም ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 200 ሚሊዮን ያህል ቃላት በበጎ ፈቃድ በመተርጎም ለአገልግሎቱ አስተዋፅኦ አድርገው ነበር። በተቃራኒው የአማርኛው ዊኪፒዲያ ዛሬም ያሉት መጣጥፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የአረብኛው ከ1 ሚሊዮን በላይ አሉት። ልዩነቱ የተናጋሪ ቁጥር ልዩነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ይሆናል። በአማርኛ የሚነገረውና በአማርኛ የሚጻፈው ፈጽሞ አልተመጣጠኑም።

አረብኛም ቢሆን ከብዙ ዓመታት በፊት በኢንተርኔት ላይ ድሃ ነበር። ድህነቱን ለማቃለል ከተነሡት መካከል ሁለት የአማን ልጆች፣ ሳሚሕ ጡቃንና ሑሳም ኹሪ ይገኙበታል። የመሠረቱት መክቱብ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ኢሜይል የሚጻጻፉበትና የሚወያዩበት ቤት ሆነ፤ ያሁ በ2009 ሲገዛው ከዐረቡ ዓለም ታላላቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው መውዱዕም መቀመጫው አማን ነው፤ በአረብኛ ለሚጠይቅ ሰው ከጤና እስከ ምግብ አሠራር በአረብኛ መልስ የሚሰጡ መጣጥፎችን አከማችቷል። እህቶቻችን በሚሠሩባት በዚህችው ከተማ ሌላ ሕዝብ የራሱን ጥያቄ በራሱ ቋንቋ ሲመልስ ኖሯል።

ያው ያሁ ሌላም ትምህርት ትቶልናል። በ2005 የከፈተውና ሰው ለሰው በነጻ መልስ ይሰጥበት የነበረው ያሁ አንሰርስ ግንቦት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ጥያቄና መልስም ከሕዝብ ዓይን ጠፋ። ዕውቀታችንን በሙሉ በአንድ ኩባንያ ጓዳ ማኖር፣ ጓዳው ቴሌግራምም ይሁን ፌስቡክ፣ የሚያስከትለው ይኸው ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ያወቀውን በአደባባይ ይጻፍ ማለት በቂ ነውን? አይደለም። በዳጉ ሥርዓት ተናጋሪው በስሙና በፊቱ ይታወቃል። አብዱን ውስጥ ያለች ሠራተኛ ግን «አሠሪዬ ሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለኝም፤ እንዲህ አድርጌ አስከፈልኩት» ብላ ስሟን ጠቅሳ ብትጽፍ ሥራዋን፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጥ ነገር ታጣለች። ስም የለሽ ሆና ብትጽፍ ደግሞ ከደላላው ስም የለሽ ማስታወቂያ በምን ትለያለች? የነገው ፍለጋ የሰውን ግብአት በፈለገ ቁጥር ይህ ጭንቅ እየከረረ ይሄዳል፤ የትኛውም ኩባንያ ከአሜሪካ ሆኖ አይፈታልንም።

መፍትሔው በመካከል የሚቆም ታማኝ አስተላላፊ ነው ብለን እናምናለን። የሴቶች ጀመዓዎች፣ የእቁብና የመረዳጃ ማኅበራት፣ ዓመታት የኖሩና አረብኛውንም ሕጉንም የለመዱ እህቶች በየቡድኑ የሚመላለሰውን ጥያቄ ሰብስበው፣ የጠያቂዋን ስምና ቤት አውጥተው፣ መልሱን በጽሑፍ አስፍረው ማውጣት ይችላሉ። ከመልሱ ሥር ሊቀር የማይገባው ሦስት ነገር ነው፤ መቼ ተጻፈ፣ በዓይን የታየ ነው ወይስ የተሰማ፣ ሕግ ከሆነም ቁጥሩ ስንት ነው። ሕጉን ለማጣራት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማን ለስደተኛ ሠራተኞች የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን ተምኪንን የመሰሉ ተቋማት አሉ። ጽሑፉም ለማንም ክፍት በሆነና መፈለጊያ ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ ይውጣ፤ መጻፍ ለማትችለው እህት ደግሞ ያው መልስ በድምፅ ይነበብላት፤ ቀኑ ግን በድምፁ መጀመሪያ ላይ ይነገር።

የመንግሥት ድርሻም አለ። ሰው በአማርኛ ፈልጎ የሚያጣው የሕዝብን ምክር ብቻ ሳይሆን ሕጉን ራሱን ነው። የአገራችን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እህቶቻችንን ከመላኩ በፊት ሥልጠና ይሰጣል፤ ሥልጠናው ግን በአንድ አዳራሽ ተነግሮ የሚያልቅ ነው። በአቤቱታ በኩል ወደ ዮርዳኖስ ሥራ ሚኒስቴር የሚደርሱ ሠራተኞች መካከልም አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ደንብ ቁጥር 90/2009 ከነማሻሻያዎቹ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ የተተረጎመበት ቀን ተጽፎበት፣ በሁለቱም ሚኒስቴሮች ገጽ ላይ ሊወጣ ይገባል። ይህ የበጀት ጥያቄ ነው ለማለት ሥራው በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ጥሩ ተርጓሚ በሳምንታት ይጨርሰዋል። እስከዚያው ድረስ በአብዱን ማታ ማታ በአማርኛ የሚጻፈውን ጥያቄ ቀድሞ የሚመልሰው ደላላው ይሆናል።