በእርባታ ስለ ተገኙ የዱር ወፎች ሽያጭ

የዱር ወፍ በሽቦ ቤት ተፈልፍሎ ካደገ እንደ ዶሮ ጫጩት ያለ አንዳች ፈቃድ ሊሸጥ ይገባል የሚል አሳብ ከአንዳንድ ነጋዴዎች ይሰማል። አሳቡ ለጆሮ ቅን ይመስላል፤ ጫጩቱ ከጫካ አልተያዘም፣ የመገበውና ያሳደገውም ባለቤቱ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠይቀው ጫጩቱ የተፈለፈለበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን እናትና አባቱ ከወዴት እንደ መጡም ጭምር ነው። ይህን ሳያጣራ ገንዘቡን የሚልክ አስመጪ ወፎቹን በጉምሩክ አስይዞ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የነገሩ መሠረት ሳይቲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 የጸናው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም በ1989 አባል ሆናለች። አባሎቹ በተስማሙበት ትርጓሜ አንድ ወፍ «በእርባታ የተገኘ» የሚባለው ወላጆቹ በሰው ጥበቃ ሥር ሳሉ ተጣምረው ያስገኙት እንደ ሆነ ነው። ለመራቢያ የተያዙትም ወፎች በመጀመሪያ በሕጋዊ መንገድና የዱሩን ዘር በማይጎዳ አኳኋን የተገኙ መሆን አለባቸው፤ እርባታውም እስከ ልጅ ልጅ የደረሰ፣ ወይም ለመድረስ መቻሉ በተረጋገጠ ዘዴ የሚካሄድ መሆን ይገባዋል። ይህን ላሟላ ወፍ በፈቃዱ ወረቀት ላይ «ሲ» የሚል ፊደል ይጻፍለታል። በሽቦ ቤት ተወልዶ ትርጓሜውን ያላሟላው «ኤፍ»፣ ከዱር የተያዘው ደግሞ «ደብልዩ» ነው። ነጋዴው የፕሮፎርማውን ዋጋ ከማንበቡ በፊት ይህችን አንዲት ፊደል ቢያነብ ይሻለዋል።

ለምሳሌ ግራጫውን የአፍሪቃ በቀቀን እንውሰድ። የሰውን ንግግር አስመስሎ በመናገሩ በዓለም ገበያ እጅግ ስለ ተፈለገ በጫካው ተመናመነ። አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 በጆሃንስበርግ ተሰብስበው ጥብቅ ወደ ሆነው ወደ አንደኛው አባሪ አዛወሩት፤ ውሳኔውም በ2017 መግቢያ ላይ ጸና። ከዚያ ወዲህ ለንግድ ወደ ውጭ የሚልከው አርቢ በስምምነቱ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የገባ መሆን አለበት፤ የፈቃዱም ፊደል «ዲ» ነው።

እዚህ ላይ የነጋዴ ሒሳብ ይረዳል። ይህ በቀቀን ለመራባት ጥቂት ዓመታት ይፈጅበታል፤ እንስቲቱም ባንድ ጊዜ የምትጥለው ዕንቁላል ከሦስት እስከ አምስት ያህል ነው። እንግዲህ ሃያ ጥንድ ብቻ ያለው ሰው በዓመት አምስት መቶ ጫጩት አቀርባለሁ ቢል፣ የቀረው ከወዴት እንደሚመጣ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የዚህ ዓይነቱ ሻጭ የሚጎዳው ጫካውን ብቻ አይደለም። ለዓመታት መኖ ገዝቶ፣ መዝገብ ይዞ፣ በትዕግሥት ያረባውን ቅን ሰው በርካሽ ዋጋ ከገበያ ያስወጣዋል። ስለዚህ ደንቡ ይላላ የሚለውን አሳብ አልደግፍም።

ሁለተኛው ማስረጃ ቀለበት ነው። መጋጠሚያ የሌለው ዝግ ቀለበት ጫጩቱ ገና የጥቂት ቀን ዕድሜ ሳለው በእግሩ ይገባል፤ እግሩ ከደነደነ በኋላ ግን አይገባለትም። ተከፍቶ የተገጠመ ቀለበት እንዲህ ያለ ማስረጃ አይሆንም። የኤውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ ወደ ገበያው የሚገቡት ወፎች ከታወቁ አርቢዎች የተገኙና ቁጥር ያለው ዝግ ቀለበት ወይም ማይክሮቺፕ ያላቸው እንዲሆኑ አዟል።

በእርግጥ ሁሉም በቀቀን በዚህ ሸክም ሥር አይደለም። ባጀሪጋርና ኮካቲዬል የሚባሉት የአውስትራሊያ ወፎች ከአባሪዎቹ ውጭ ናቸው። ላቭበርድ በሚል አንድ ስም ከሚጠሩት መካከልም ፊቷ ጽጌረዳ የሚመስለው የደቡብ ምዕራብ አፍሪቃዋ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2005 ከዝርዝሩ ወጥታለች፤ በአገራችን ደጋ የምትኖረው ክንፈ ጥቁሯ ግን አሁንም በሁለተኛው አባሪ ውስጥ ናት። በዋጋ ዝርዝር ላይ «ላቭበርድ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ለገዢው አይበቃውም፤ የሳይንስ ስሟ ይጠየቅ።

የንግድ ምክር ቤታችን የአባሪዎቹን ዝርዝርና የፊደሎቹን ትርጉም በአማርኛ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል ወጪው ጥቂት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን አስመጪው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ አስቀድሞ የፈቃዱን ቅጂ ያስልክ፤ እውነተኛ መሆኑንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያስጠይቅ። ወደ ውጭ የመላኪያ ፈቃድ የሚያገለግለው ቢበዛ ለስድስት ወር ነውና ቀኑንም አብሮ ይመልከት።