ጥቁሩን ብር አትፈግፍጉት፣ ቀስተ ደመናውንም ቶሎ አትመኑት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ቲቸር፣ የአያቴ ጠገራ ብር ጠቁሯል፣ በምን ላጽዳው?» ይላል። ሌላው ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጭ የምኒልክ ብር ፎቶ ይልክና «ልግዛው?» ይላል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ ተዉት። ግን «ለምን?» በሉ እያልኩ ያስተማርኳችሁ ልጆች በዚህ ብቻ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ።

ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ገንዘቡም ማዕድኑም አንድ ስም መያዛቸው ሁሌም ያስቸግረኛል) እንደ ብረት አይዝግም። አየር ውስጥ ካለችው ጥቂት የድኝ ጋዝ ጋር እየተዋሃደ ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል በጣም ስስ ሽፋን ያበጃል። ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ካለው ብር የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኝ ቀለም ይታየናል። ዝናብ የጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና እንደሚሠራው ማለት ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ ተራውን ይጠብቃል፦ መጀመሪያ ፈዛዛ ወርቃማ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ ብዙ ከቆየ መጨረሻው ጥቁር ነው። ሰብሳቢዎች ይህን ቶኒንግ ይሉታል።

የቀለሙ ፍቅር የደራው አሜሪካ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሞርጋን ዶላር የሚባለው የብር ሳንቲም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ እንደገና ደግሞ በ1921 ተመታ። ብዙው ገበያ ሳይወጣ ሺህ ሺህ እየሆነ በሸራ ከረጢት ታሽጎ በመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀመጠ። ጨርቁን ተጠግቶ የኖረው ሳንቲም ከጨርቁ በወጣው ድኝ ቀስ እያለ ቀለም ያዘ። ሌላ ሳንቲም የተደገፈበት በኩል ነጭ ሆኖ ሲቀር ቀለሙ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታያል። በጣም ያምራል፣ አልዋሽም። ዛሬ ደህና ቀለም ያለው ሞርጋን ከነጩ ወንድሙ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ዋጋው ሲወጣ ታዲያ ምድጃው ተለኮሰ። ድኝ፣ ሙቀትና ኬሚካል የያዘ ሰው አሥርተ ዓመታት የፈጀውን ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የምትወዱት እጃችሁን እንደምታወጡ አውቃለሁ። «ውህዱ ያው ከሆነ፣ በከረጢት መጣ በምድጃ ምን ለየው?» ጥያቄው ከባድ ነው። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ ደረጃ አውጪዎች እንኳ የሚፈርዱት በአብዛኛው በሠለጠነ ዓይን ነው፤ ያልጣማቸውን «ቀለሙ ያጠራጥራል» ብለው ይመልሱታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ነው። የተፈገፈገ ሳንቲም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይቀራሉ፣ ዋጋውንም ያወርዱታል። ቀለም ሲቀባ ጭረቱ ከዓይን ይሸሻል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ጉድለቱን ለደበቀበት ሰው ነው ማለት ነው!

አሁን ወደ እኛ ብር ልምጣ። ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም ሆነ ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ጠገራ ብር እንደ ሞርጋን ከረጢት ውስጥ ተኝቶ አልኖረም። እያንዳንዳቸው 28 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። በገበያ ከእጅ እጅ ዞረዋል፣ መቀነት ውስጥ ተቋጥረዋል፣ ጆሮ ተበይዶላቸው አንገት ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አንጥረኛ ዘንድ ቀልጠው መስቀል ሆነዋል። ለዓመት በዓል በአመድና በሎሚ የታሹትንማ ማን ይቆጥራቸዋል። ደማቅ ቀስተ ደመና የሚያምረው ደግሞ ከማተሚያው ሲወጣ የነበረው ብልጭታ ባልተነካ ገጽ ላይ ነው። የአንበሳው ጋማ ተላጭቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ሟሙቶ፣ ቀለሙ ግን እንደ ፒኮክ ላባ ከደመቀ፣ ሁለቱ ታሪኮች አይገጥሙም።

በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የኖረ የለም አልልም። ግን በቅርቡ ቨርጂኒያ ያለች የቀድሞ ተማሪዬ የላከችልኝን ፎቶ አጉልቼ ሳየው፣ ሰማያዊው ጭረቶቹ ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ ማለትም መጀመሪያ ተፈግፍጓል፣ ቀለሙ የመጣው በኋላ ነው። ከዘውዱ በላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ሻጩ ግን «ከቤተሰብ ሣጥን የወጣ፣ ያልተነካ» ብሎ የተራውን እጥፍ ጠይቋታል።

የሚያናድደኝ ሌላው ጫፍ ነው። እማማ ሣጥናቸውን ከፍተው ብሩን ሲያወጡ «ጠቁሯል እኮ፣ አይረባም» እየተባለ በማዕድኑ ዋጋ ይወሰድባቸዋል። ያ ወጥ የሆነ ግራጫና ጥቁር ገጽ ብዙውን ጊዜ ብሩ ለረጅም ጊዜ እንዳልተፈገፈገ ምስክር ነው። ዐዋቂ ገዢ የሚመርጠው እሱን ነው። «አይረባም» የሚለው ሰውዬም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ልጆች ደግሞ ለእናታቸው የዋሉ እየመሰላቸው በጥርስ ሳሙና ያሹታል፤ ቡርሹ የላጨው ብር ተመልሶ አይበቅልም።

ቤታችሁ ካለ በጠርዙ ያዙት እንጂ ገጹን በጣት አትንኩት። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ከጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተውበታል። ልትገዙ ያሰባችሁትን ለእኔ ስትልኩ ደግሞ ያለ ፍላሽ፣ መስኮት አጠገብ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አንሱት። ሁለቱንም ገጽ፣ ጠርዙንም ዙሪያውን። ሻጩ ጠርዙን አላሳይም ካለ ፎቶውን መላክም አያስፈልጋችሁም።