ስለ ኤዲንብርግ ትምህርት ቤቶች ግንብና ስለ ሥራ ተቋራጭ ኀላፊነት

አሠሪ መሥሪያ ቤት ከሥራ ተቋራጭ ጋራ ሲካሰስ ነገሩ በአደባባይ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነው። በስኮትላንድ አገር በኤዲንብርግ ከተማ የሆነውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጕዳዩን በገንዘብ ክርክር ብቻ ሳይወስነው በምርመራ ስላስገለጠው፥ ሕንፃ የሚያሠራ ሹም ሁሉ ታሪኩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

በፈረንጆች አቈጣጠር ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ፥ የኦክስጋንግስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውጭ ግድግዳ ተገንድሶ 9 ቶን ያህል ጡብ ወረደ። ሕፃናቱ ገና ወደ ግቢው አልገቡም ነበርና የተጐዳ ሰው የለም። በዚያው ውል የተሠሩት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቢመረመሩ ጉድለቱ በእነርሱም ላይ ስለ ተገኘ፥ በሚያዝያ ወር 17 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ7,600 የሚበልጡ ተማሪዎችም ሥራው እስኪታደስ ድረስ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ።

የጉድለቱ ዐይነት እንዲህ ነው። ግድግዳው በመካከሉ ክፍተት ያለው ድርብ ግድግዳ ነው፤ የውጩንና የውስጡን የሚያያይዘውም በጡቦቹ መካከል ገብቶ በሲሚንቶው ድብልቅ ውስጥ የሚቀበር የብረት ማሰሪያ ነው። ግንበኞቹ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን ክፍተት ከልኩ አስፍተው ስለ ሠሩት፥ የብረቱ ጫፍ በውጩ ግድግዳ ውስጥ በሚገባ አልተቀበረም። በአንዳንዱ ስፍራ ከጡቡ ጋራ ከመነካካት በቀር አልያዘውም ለማለት ይቻላል። ጡቡ ከተደረደረ በኋላ ግን ማንም አያየውም፤ ከውጭ ለሚመለከተው ግንቡ ያማረ ነው።

የውሉን ነገር እንመልከት። ትምህርት ቤቶቹ የተሠሩት ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን አስቀድሞ አውጥቶ አይደለም። አንድ የግል ማኅበር ገንዘቡን አግኝቶ፥ ሕንፃውን አሠርቶ፥ ለብዙ ዘመን እየጠበቀ ሊያቆይ፥ ከተማውም በየጊዜው ኪራይ የመሰለ ዋጋ ሊከፍለው ተዋዋሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ በተዘጉ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ክፍያውን ያዘ፤ የማደሱም ወጪ በማኅበሩ ላይ ወደቀ። ከግምጃ ቤቱ ወገን ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ መልካም ውል ነው። ነገር ግን ክፍያ መያዝ ጡብ ከወደቀ በኋላ የሚገኝ መብት ነው። ጡቡ የወደቀው ሕፃናቱ በዕረፍት ሰዓት በግቢው ሲጫወቱ ቢሆን ኖሮ፥ በውሉ ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ካሣ የትኛው ነበር?

ማዘጋጃ ቤቱ ጆን ኮል የሚባሉትን የሕንፃ ዐዋቂ መርማሪ አድርጎ ሾመ፤ ቃላቸውም በየካቲት 2017 ዓ.ም. ወጣ። እርሳቸው የጻፉት ለሁለቱም ወገን የሚጥም አልነበረም። ቀዳሚውን ጥፋት በግንበኞቹና እነርሱን ይቈጣጠሩ ዘንድ በተገባቸው አለቆች ላይ አደረጉት፤ እሳት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይተላለፍ የሚከለክለው ሥራም በብዙ ስፍራ ጐድሎ መገኘቱን ገለጹ። የውሉን ዐይነት በቀጥታ የጥፋቱ ምክንያት ነው አላሉም። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ተቈጣጣሪ ከሥራው ስፍራ ሳያቆም፥ ሠሪው የራሱን ሥራ ራሱ መርምሮ ደኅና ነው ያለውን እንደ ተቀበለ አስረዱ።

ከነገሩ ሁሉ ይህ የመጨረሻው እጅግ ያስደንቀናል። እህል የሚገዛ የጐተራ ሹም ስንኳ ሻጩ ሰፈርሁ ባለው አያምንም፤ ራሱ ያሰፍራል። የመንግሥት ሹማምንት ግን ብዙ ጊዜ ውሉን በጻፈው ነገረ ፈጅ ብልሃት እየተመኩ፥ በግንቡ ሥር በየቀኑ ቆሞ ለሚያይ ለአንድ ሰው የሚከፈለውን ደመወዝ ይሠሥታሉ። ያ ሰው ኖሮ ቢሆን ሊሠራው የሚገባው ነገር ከባድ አልነበረም፤ የውጩ ጡብ ከመደርደሩ በፊት ማሰሪያው ስንት ጣት እንደ ገባ መለካትና የጐደለውን ማስፈረስ ነው። ተቋራጩም በዚያን ቀን ቢያጕረመርም የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

ኮል ይህን የመሰለ የአሠሪው የራሱ ተቈጣጣሪ በሥራው ስፍራ እንዲኖር መክረዋል። ምክሩ ለኤዲንብርግ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ እንዲህ ያለው የግድግዳ ጉድለት በሌሎችም የስኮትላንድ ትምህርት ቤቶች ተገኝቷልና።