የትምህርት ቤት ደንብ እና ኪቦኮ፦ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ ልጆቻችን ሕጉ ምን ይላል?

በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሰባተኛ ክፍል የገባ ልጅ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ርእሱ የትምህርት ቤት ደንብ ይላል፤ ከታች የወላጅ ፊርማ ቦታ አለው። አባት እንግሊዝኛ አያነብም፣ እናት የራሽን ወረፋ ላይ ናት፣ ልጁ ራሱ "እዚህ ጋ ፈርም" ብሎ አባቱን ያስፈርማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ተባሮ ቤት ሲቀመጥ ወላጅ "ምን አጠፋ?" ብሎ ይመጣል። የሚሰጠው መልስ "የፈረሙበትን ይመልከቱ" የሚል ነው።

ይህን የምንጽፈው እዚሁ ካኩማ ካምፕ የምናስተምር ስደተኛ መምህራን ነን። በወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ልንቃወም አልተነሳንም። ልጅ በሰዓቱ ይምጣ፣ ዩኒፎርሙን ይልበስ፣ አይደባደብ፣ የሰው ደብተር አይውሰድ፣ መምህር ሲናገር ያዳምጥ ቢባል የሚጠላ ወላጅ የለም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ወረቀቱ ከልጁ የሚጠበቀውን ይዘረዝራል እንጂ ልጁ ከእኛ ከመምህራኑ ሊጠብቅ የሚገባውን አይናገርም። እሱ ግን በአገሩ ሕግ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያውቀው ሰው ነው ያነሰው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የኬንያ መንግሥት የድሮውን 8-4-4 የሚባለውን የትምህርት ሥርዓት ለውጧል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነበር። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ 7ኛ ክፍል ጁኒየር ስኩል ተብሎ ተጀመረ፤ ቀጥሎ 8ኛ፣ በ2025 ደግሞ 9ኛ ተጨመረ። እነዚህ ክፍሎች ያሉት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። በወረቀት ላይ የጁኒየር ተማሪ ዕድሜው 12፣ 13፣ 14 ነው። በካምፕ ግን እንደዚያ አይደለም። ልጆቻችን ጦርነት፣ መንገድ፣ ድንበር ዓመታቸውን በልቶባቸዋል። የ17 እና የ18 ዓመት ወጣት ከ12 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ደንቡ የተጻፈው ለትንሹ ነው፤ ትልቁም በዚያው ይዳኛል።

አሁን ወደ ዱላው እንምጣ፤ እዚህ ሁሉም በስዋሂሊ ኪቦኮ ነው የሚለው። በኬንያ መምህር ተማሪን መምታት የተከለከለው በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ከ1972 ጀምሮ የነበረው ደንብ መግረፍን ይፈቅድ ነበር፤ ግን በገደብ ነው። ጥፋቱ በደንብ ከተጣራ በኋላ፣ ምስክር ባለበት፣ ሌሎች ተማሪዎች በማያዩበት፣ ከስድስት ምት ሳይበልጥ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ልብ በሉ፣ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን እንኳ ዛሬ በየክፍሉ እንደሚታየው ሃምሳ ልጅ አሰልፎ አንድ አንድ ማቅመስ ሕጋዊ አልነበረም። በ2001 ያ ሁሉ ተሰረዘ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 29 የአካል ቅጣትን ከለከለ። እዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኞች ትልቅ ነገር አለ፤ አንቀጹ የሚጀምረው "ማንኛውም ሰው" ብሎ ነው እንጂ "ማንኛውም ዜጋ" ብሎ አይደለም። አላየን ካርድ የያዘ ልጅም፣ ገና ያልተመዘገበ ልጅም ሰው ነው። በ2013 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት አዋጅ በክፍል 36 ቅጣቱን ጨምሮ አስቀምጦታል፦ ተማሪን በአካልም ሆነ በሥነ ልቦና ያሰቃየ ወይም ያዋረደ ሰው እስከ 100,000 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ሊቀጣ ይችላል። "በሥነ ልቦና" የሚለውን አስምሩበት። በክፍል ፊት "አህያ" ብሎ መሳደብ፣ የልጁን ነገድ ወይም ድህነቱን እያነሱ ማሳቅ ከዚህ ያመልጣል ብለን አናስብም።

ብዙ ወላጆቻችን ይህን ስንነግራቸው "ይሄ የፈረንጅ ሕግ ነው፣ በእኛ አገር ልጅ ተገርፎ ነው ያደገው" ይሉናል። ተገርፎ ማደጉ እውነት ነው። እኛም በአለንጋም በጎማም ተገርፈናል፣ ጠጠር ላይ ተንበርክከናል፣ ኩርኩም ቀምሰናል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከ1995 ጀምሮ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንዲያውም ከኬንያው እገዳ ስድስት ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ሕጉን ትተነው የመጣንም፣ ደርሰን ያገኘነውም አገር አንድ ዓይነት ነው የሚናገረው። ልዩነቱ በሁለቱም አገር ወረቀቱ ሌላ፣ ክፍሉ ሌላ መሆኑ ነው።

አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው "ቲቸር፣ አጥንቱን አትስበርብኝ እንጂ እንደ ልጅህ ቅጣው" አሉን። በአክብሮት ነው የተናገሩት፣ አደራ መስጠታቸው ነው። እኛም ያኔ በደስታ ተቀበልን። አሁን ስናስበው ግን ወላጅ ሊሰጠን የማይችለውን ፈቃድ ነው የሰጡን። ሕጉ "ወላጅ ካልፈቀደ በቀር" የሚል ቃል የለውም።

ይህን ስንጽፍ ንጹሕ ነን እያልን አይደለም። ከአንዱ ክፍላችን አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ያረፍዳል። አንድ ቀን በትናንሾቹ ፊት እጁን ዘርግቶ ተመታ። አላለቀሰም፣ አልተናገረም። ደብተሩን ዴስኩ ላይ ትቶ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። በኋላ ስንጠይቅ እናቱ የታመሙ ናቸው፤ ውኃ የሚቀዳው እሱ ነው፤ ቧንቧው የሚከፈተው ሰልፍ በሚደወልበት ሰዓት ነው። ዛሬ የሰው ቦዳቦዳ ይነዳል። የመታው ከእኛው አንዱ ነው። ልጁን በመንገድ ሲያገኘው አሁንም "ሙዋሊሙ" ብሎ ሰላም ይለዋል፤ ይሄ ደግሞ ከምንም በላይ ያሳፍራል።

ለምን ይመታል ታዲያ? አንዳንዱ ክፍል ከመቶ በላይ ተማሪ አለው። አብዛኞቻችን ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰን በቀጥታ ጠመኔ የጨበጥን ነን፤ የመምህርነት ሥልጠና ያገኘው ጥቂት ቀን የቆየ ወርክሾፕ ላይ ነው። የምናገኘው ኢንሴንቲቭ እንጂ ደመወዝ አይባልም። መቶ ልጅ ሲንጫጫ ዱላ በአንድ ደቂቃ ዝም ያሰኛል። ችግሩ በማግስቱም ያው ዱላ ያስፈልጋል። ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ በባሕርዩ ጓደኞቹ ምን ይሉኛል የሚለው ነገር ከሁሉ ይበልጥበታል፤ በጓደኞቹ ፊት ያዋረድነው ልጅ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ጀግና ነው ተብሎ የባሰ ይረብሻል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፣ በየቀኑ የምናየው ነው።

በአንድ ክፍል የሞከርነው ነገር አለ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ደንብ እንዲያወጡ ነገርናቸው። እኛ ከምናወጣው የከበደ አወጡ፤ አንዷማ "ስም የሚያወጣ ሰው ለአንድ ሳምንት ክፍል ይጥረግ" አለች። አለዝበን አምስት ደንብ ብቻ አስቀረን፣ በሁለት ቋንቋ ግድግዳ ላይ ጻፍነው፣ ከእያንዳንዱ ጎን ጥፋቱ ምን እንደሚያስከትል አብሮ ተጻፈ። ለሚያረፍድ ልጅ የክፍል አለቃ መዝገብ ያዘ፤ ሦስት ጊዜ ካረፈደ መምህር ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል። ጫጫታው አልጠፋም። ክርክሩ ግን ጠፋ፤ ማንም "እኔን ብቻ ለምን" ማለት አልቻለም። ቤት መሄዱ ያደክማል፣ ሁሉንም አናዳርስም። በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ነገር አየን፤ የሚያረፍዱት ልጆች በአብዛኛው ከተመሳሳይ ብሎክ፣ ከተመሳሳይ ቧንቧ የሚመጡ ናቸው።

ረኃቡም እንደዚያው ነው። በ2025 ራሽኑ በተደጋጋሚ ተቆርጦ በጁን ወር ከሙሉው 28 በመቶ ላይ መድረሱን ሁላችንም በሆዳችን እናውቃለን። በኦገስት ደግሞ ቤተሰብ በምድብ ተከፋፍሎ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ምንም የማያገኝበት አሠራር መጣ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ "በክፍል ውስጥ መተኛት ክልክል ነው" የሚለውን ደንብ ጥሷል። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ "ትናንት ማታ ምን በላህ?" የሚለው መሆን አለበት። ደንብ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የተራበና የሰነፈ ልጅ በአንድ መስመር አይቀጡ ነው የምንለው።

ሌላው የቋንቋ ደንብ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በእናት ቋንቋው ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ወይም የካርቶን ምልክት ይንጠለጠልበታል፤ እሱ ደግሞ ሌላ የሚናገር ልጅ አድብቶ ያሳልፍለታል፤ ማታ መጨረሻ የተገኘበት ይቀጣል። ይህ ከቅኝ ግዛት ዘመን የመጣ ነው። በ2025 ያረፉት ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በልጅነታቸው ኪኩዩ የተናገረ ተማሪ እንዴት ይዋረድ እንደነበር በ1986 ባወጡት መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግሊዝኛ መልመድ ያስፈልጋል፣ ፈተናው በእሱ ነው። ነገር ግን አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ፣ ዲንካም ሆነ ሶማልኛ መናገር ከስርቆት ጋር አንድ ገጽ ላይ ሊጻፍ አይገባም። ልጅን ጓደኛውን እንዲሰልል ማስተማሩም ሌላ ጣጣ ነው።

ስለ ፀጉርና ስለ ሂጃብ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በአጭሩ፣ በ2019 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፀጉሯ ምክንያት ከትምህርት ቤት የተመለሰች የራስታፈሪ ልጅ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ወስኗል። በሂጃብ ጉዳይ ግን በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤት የፈቀደውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019 ሽሮታል፤ ምክንያቱም ክሱ የቀረበበት ሥርዓት ነበር። ስለዚህ ወላጆች ከምዝገባ በፊት ርእሰ መምህሩን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ቢይዙ ይሻላል። ሞባይልን በተመለከተ እኛም ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ነን፤ ቤት ይቅር።

ስለ ሴት ልጆች ግን ዝም አንልም። ያረገዘች ተማሪ "ለሌሎቹ መጥፎ ምሳሌ ናት" ተብላ ወረቀቷን ይዛ እንድትሄድ ሲነገራት ሰምተናል። በኬንያ እንዲህ ያለች ልጅ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ የሚያዝ ፖሊሲ ከ1994 ጀምሮ አለ፤ በ2020 ደግሞ ዝርዝር መመሪያ ወጥቶለታል። ከኛ ማኅበረሰብ ብዙ ጊዜ ልጅቷን መጀመሪያ የሚያስቀራት ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ቤተሰቧ ነው፤ ይህንንም ደፍረን እንናገር።

የመጨረሻው ነጥብ ማባረር ነው። ያው የ2013 አዋጅ በክፍል 35 ተማሪ ከትምህርት ቤት አይባረርም ይላል። ልዩ ሁኔታ ቢኖር እንኳ ሌላው የማረሚያ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ፣ ልጁና ወላጁ ቀርበው የሚሉትን ከተናገሩ በኋላ ብቻ ነው። በር ላይ የሚቆም ዘበኛ "ዛሬ ስምህ የለም" ብሎ የሚመልሰው ልጅ ይህን ዕድል አላገኘም። ወላጅ እንዲህ ሲያጋጥመው ጩኸት ውስጥ ሳይገባ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ልጄ የጣሰው የትኛውን ደንብ ነው? ከዚህ በፊት ምን ምን ተሞከረ? የምንሰማው መቼ ነው? መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑና የተናገረው ሰው የሥራ ድርሻ ይመዝገብ። ልጁ ተመትቶ ከቆሰለ ደግሞ መጀመሪያ ክሊኒክ ሄዶ የሕክምና ወረቀት ይያዝ፤ ከዚያ ወደ ሕፃናት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው የሚኬደው። ወረቀት የሌለው አቤቱታ እዚህ ካምፕ ውስጥ የት እንደሚቀር ታውቃላችሁ።

ልጃችሁ ያንን የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሳታነቡ አትፈርሙ። የሚያነብላችሁ ከሌለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ በየክፍላችን አለን፤ ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን በአማርኛ እናነብላችኋለን። ዱላ የሚል መስመር ካገኘንበት እኛው ራሳችን ለርእሰ መምህሩ እንወስደዋለን።