ሁለት ኦብጀክቶች እኩል ናቸው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው?

ራሱ የጻፈውን ክላስ ማወዳደር የሚፈልግ ፕሮግራመር ቶሎ የሚታየው አቋራጭ አለ፦ ሁለቱንም ኦብጀክቶች ወደ ስትሪንግ ቀይሮ ጽሑፎቹን ማነጻጸር። አንድ መስመር ኮድ ይበቃል፤ ሲሞከርም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ጃቫ ውስጥ ክላሱ የራሱን ቱስትሪንግ (ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ሜተድ) ካልጻፈ የሚወጣው የክላሱ ስምና ሃሽ ኮዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ኦብጀክቶች አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ጽሑፍ ይሰጣሉ። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ተራ ኦብጀክቶችን ሁሉ፣ ውስጣቸው ምንም ይሁን ምን፣ ወደ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይቀይራቸዋል። አንዱ መንትዮችን ባዕድ ያደርጋል፣ ሌላው ባዕዳንን መንትያ።

ክላሱ የራሱን ጽሑፍ ቢያዘጋጅስ? አድራሻን እንውሰድ። ወረዳ 1፣ የቤት ቁጥር 12 ሲገጣጠም 112 ይሆናል፤ ወረዳ 11፣ የቤት ቁጥር 2ም 112 ነው። መሃሉ ላይ ሰረዝ ማስገባት ይህንን ይፈታል፤ ዳታው ራሱ ሰረዝ ያለበት ቀን ግን ችግሩ ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው የጥገና ጉዳይ ነው። ቱስትሪንግ የሚጻፈው በአብዛኛው ለሰው ዓይን፣ ለሎግና ስህተት ለማደን ነው። አንድ ሠራተኛ የደንበኞች ስልክ ሎግ ላይ እንዳይታይ ብሎ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ ቢያስቀር ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ሌላ ቦታ ያለ ኮድ ደንበኞችን በዚያው ጽሑፍ የሚለይ ከሆነ፣ ስማቸውና የስልካቸው መጨረሻ የገጠመ ሁለት ሰዎች በድንገት አንድ ሰው ይሆናሉ። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም።

የአማርኛ ስም ሲገባማ ነገሩ ይወሳሰባል። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ዩኒኮድ ግን ለ«ኃ» እና ለ«ሀ» የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል፤ የራሱ የማስተካከያ ደንብም አያዋህዳቸውም። አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን መወሰን የክላሱ ጸሐፊ ሥራ ነው። እኩልነት ውሳኔ ስለሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። የጃቫው የአስርዮሽ ቁጥር ክላስ ቢግዴሲማል 2.0 እና 2.00ን በኢኳልስ ሜተዱ ሲለያቸው በኮምፔርቱ ሜተዱ እኩል ያደርጋቸዋል። ያስገርማል፤ ግን ታስቦበት የተወሰነና በሰነዱ የሠፈረ ነው።

በጽሑፍ ማወዳደር ተገቢ የሚሆንበት ቦታም አይጠፋም። ጄሰን ሰነድ በዲጂታል ሲፈረም አንዲት ፊደል መለወጥ የለባትም፤ ለዚህም በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8785 የተባለው የቴክኒክ ሰነድ የቁልፎችን ቅደም ተከተልና የቁጥሮችን አጻጻፍ ሳይቀር ይደነግጋል። ያ ለማወዳደር ተብሎ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ ለሎግ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም።

ድካሙም ቀሏል። ፓይተን ከ3.7 (2018) ጀምሮ በዳታክላስ፣ ጃቫ ከ16 (2021) ጀምሮ በሬከርድ የማወዳደሪያውን ኮድ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ስለዚህ ኮድ ገምጋሚ ቱስትሪንግ ለማወዳደሪያ ውሎ ሲያገኝ ኮዱን መልሶ ይላከው፤ ጸሐፊው የትኞቹ ፊልዶች እንደሚወዳደሩ ክላሱ ውስጥ ይጻፍ።