መጽሐፍ ለሚጠይቅ ሰው ምን ይሰጠዋል?

ቤተ መጻሕፍት መክፈት መልካም ሥራ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ዳሩ ግን መደርደሪያው ከሞላ በኋላ ጠባቂው ለያንዳንዱ አንባቢ የሚስማማውን መርጦ ማቀበል ካላወቀ፥ ቤቱ ከዕቃ ቤት አይሻልም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ስለዚሁ ሙያ ነው።

እኔ ነገሩን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። በመካነ ኢየሱስ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳለሁ፥ ያሉኝን ጥቂት መጻሕፍት ለጎረቤት አውስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ልጇን ይዛ መጣችና «ጌታዬ፥ ልጄ ዳዊት ደግሟል፤ ከንግዲህ ምን ያንብብ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ልጁን አንድ ቃል ሳልጠይቅ፥ ወፍራሙን የታሪክ መጽሐፍ አውርጄ ሰጠሁት። ይህንም ያደረግሁት ለልጁ አስቤ ሳይሆን፥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዳለኝ ይታወቅልኝ ብዬ እንደ ነበር አልሸሽግም። ከወር በኋላ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ምን አገኘህበት ብለው አንገቱን ደፋ፤ ሌላ ልስጥህ ብለው «ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

ባለቤቴ ግን ከደጅ መለሰችውና እንጀራ አቅርባለት፥ «ማታ ማታ በቤታችሁ ምን ትጫወታላችሁ?» አለችው። ተረት እንደሚወድ ቢነግራት፥ ከመደርደሪያው ግርጌ አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ አንሥታ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ሌላ ሊጠይቅ መጣ። ዓመት ሳይሞላም ያን ወፍራም ታሪክ ራሱ ጠይቆ ወሰደው። አንድ አንባቢ በትዕቢቴ ሊጠፋ ሲል፥ በአንዲት ጥያቄ ዳነ።

ይህ ብልኀት ላገራችን እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ፊደል ለቈጠረ ልጅ ወዲያው ዳዊት አይሰጠውም፤ አስቀድሞ የዮሐንስን መልእክት፥ ቀጥሎም ወንጌሉን ያስነብበዋል እንጂ። አድጎ ድጓ ለማስመስከር የሚሻውን ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻውን ወደ ዙር አባ ይመራዋል፤ ሁለቱም በጎረቤታችን በጋይንት ይገኛሉ። ተማሪውን እንደ ዐቅሙና እንደ ፍላጎቱ መምራት ማለት ይህ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና ያማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዝርዝሩ መጽሐፉ መኖሩን ይናገራል፤ ቤቱም ያስቀምጠዋል፤ ለማን እንደሚስማማ የሚያውቅ ግን ሰው ብቻ ነው። ሕንዳዊው ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. በማድራስ ባሳተመው መጽሐፍ፥ መጽሐፍና አንባቢ ጊዜ ሳያባክኑ ይገናኙ ዘንድ ማድረግን የዚህ ሙያ ሕግ አድርጎ አስቀምጦታል።

ሙያውን ለማሻሻል የሚከተለው ይረዳል። አንደኛ፥ ጠባቂው ሁሉን ማንበብ ባይችል እንኳ የያንዳንዱን መጽሐፍ መቅድምና ማውጫ፥ ከመካከሉም ጥቂት ገጽ ይይ። ሁለተኛ፥ ከማቀበሉ በፊት አንባቢው ከዚህ ቀደም ምን አንብቦ እንደ ወደደ ይጠይቀው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን የወደደ ሰው ቢመጣ፥ ምኑን ወደድህ ይበለው። የሐዲስ ዓለማየሁን አነጋገር ከሆነ ወንጀለኛው ዳኛን ወይም የልምዣትን፤ የተለያዩ ሰዎችን መፈላለግ ከሆነ በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ጦቢያ፤ ያገር ቤቱን ወግ ከሆነ የታሪክና የባህል መጻሕፍትን ያሳየው። ሦስተኛ፥ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት አቅርቦ ምርጫውን ለባለጉዳዩ ይተው። አራተኛ፥ ሲመለስ እንዴት አገኘኸው ይበለው፤ ሳይጨርስ ቢመልሰውም አይቈጣው፤ ያልተስማማው መጽሐፍ ለሚቀጥለው ምርጫ ምልክት ነውና። አምስተኛ፥ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው አያውራ። ስለ በሽታው ወይም ስለ ትዳሩ ችግር መጽሐፍ የፈለገ ሰው ምስጢሩ ከወጣ ዳግመኛ አይመጣም፤ ይህን በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት፥ ለቤተ መጻሕፍት ሰው ስትመርጡ ቁልፍ መያዝ የሚችለውን ብቻ አትፈልጉ፤ ሰው ማነጋገር የሚወደውን ፈልጉ፥ ለማንበብም ጊዜ ስጡት። በየቤታችን ያለን አባቶችና እናቶችም ለልጆቻችን መጽሐፍ ስንመርጥ፥ የኛን ክብር ትተን አስቀድመን የልጁን ልብ እንጠይቅ።