ላይተሩን አጥፋልኝ

ሰሞኑን አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ያየሁት ትርኢት እስካሁን ያንገበግበኛል። ሻጩ የመዳፍ ስፋት ያላት የአሉኮቦንድ (የሕንፃ ልባስ) ናሙና አንስቶ ላይተሩን ፊቷ ላይ ለኮሰባት። ቀለሟ ጠቆር አለ እንጂ አልነደደችም። «አዩ ጋሼ? እሳት አይነካውም!» እኔ ግን ዓይኔ ከጠርዟ አልተነሳም፤ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ መሃል የተቀበረ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። «ይሄስ?» ብለው «ሰርተፍኬት አለው» አለኝ።

ከ«ሰርተፍኬት አለው» ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 የሎንዶኑን ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር ለብልቦ 72 ሰው የጨረሰው ልባስም ሰርተፍኬት ነበረው። አምራቹ አርኮኒክ እ.ኤ.አ. በ2004 ያንኑ ሰሌዳ በሁለት አገጣጠም አስፈትኖታል። በሪቬት ተመትቶ ሲሰቀል ደህና ውጤት አገኘ፤ ጠርዙ ታጥፎ እንደ ሳጥን ሲንጠለጠል ግን አነዳደዱ ስለከፋ ፈተናው ተቋረጠ። ኩባንያው መጥፎውን ውጤት ዋጥ አድርጎ በደህናው ነገደ። ግሬንፌል ላይ የተሰቀለው ታጥፎ ነው።

«ይቃጠላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ዋጋ የለውም። ባለሙያዎቹ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በጋለ ኮን ሥር አስቀምጠው፣ የሚበላውን ኦክስጅን ለክተው በየሰከንዱ የሚተፋውን ሙቀት ያሰላሉ። ያ ፈተናም ቢሆን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ክፍተት አያይም፤ እሳት ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ የሚሳበው። ስለዚህ ግድግዳውን እንዳለ፣ ከነማገሩና ከነሙቀት መከላከያ ስፖንጁ አቁሞ ማንደድ የግድ ነው። ላይተር ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋር ምን እከራከራለሁ?

የእኛ ዜናም ያው ነው። ሱቅ በተቃጠለ ቁጥር «መንስኤው የኤሌክትሪክ ንክኪ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ምን ነደደ? ጣሪያው ከምን ተሠራ? ጠያቂ የለም። ግሬንፌል ላይ እሳቱ የተነሳው በአራተኛ ፎቅ፣ በአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ማድ ቤት ካለ ፍሪጅ ነበር። ሰውየው እሳት አደጋ ጠርቶ፣ የጎረቤቶቹን በር እያንኳኳ ቀሰቀሰ። አንዳንድ የሎንዶን ጋዜጦች ግን አሳደዱት፤ የአደጋው አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥፋት የለበትም እስኪል ስሙ ሲብጠለጠል ቆየ። ፍሪጅ የትም ቤት ይቃጠላል። እሳቱ ከመስኮት በወጣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጣሪያው ድረስ የወሰደው ግን ሰርተፍኬት ያለው ልባስ ነው።